አንድ መስመር ሲቋረጥ አገር ሁሉ ለምን ይጨልማል?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተጠናቆ ተመርቋል፤ ለጎረቤት አገሮችም ኃይል እንሸጣለን። ታዲያ አንድ ቦታ ላይ ብልሽት ደረሰ ሲባል ከዳር እስከ ዳር መብራት በአንድ ጊዜ ድርግም የሚለው ለምንድን ነው? የተረፈውን ኃይል ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይቻልም ወይ? አንዴ ከጠፋ በኋላስ መልሶ ማብራት ይህን ያህል ሰዓት የሚፈጀው ለምንድን ነው?» ጠያቂው አያይዘውም በሰፈራቸው በተለይ በበዓል ዋዜማ መብራት እየሄደ እየመጣ እንደሚያስቸግራቸው ጽፈዋል።

ሥራዬ በማስተላለፊያ መስመሮችና በማከፋፈያ ጣቢያዎች ጥበቃ ላይ በመሆኑ ይህን ጥያቄ በተደጋጋሚ እሰማዋለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱን ለመረዳት አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር ቢኖር በአገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መረብ ውስጥ የሚፈሰው ኃይል መጋዘን የሌለው መሆኑ ነው። ማብሪያውን ሲጫኑ አምፖልዎን የሚያበራው ኃይል ትናንት ወይም ከአንድ ሰዓት በፊት ተመርቶ የተቀመጠ ሳይሆን፣ በዚያችው ቅጽበት ጊቤ፣ በለስ፣ ተከዜ ወይም ጉባ ላይ ውሃ ተርባይን እያዞረ የሚያመነጨው ነው። በመላ አገሪቱ የሚፈለገው ኃይልና የሚመነጨው ኃይል በእያንዳንዷ ሰከንድ እኩል መሆን አለባቸው። ይህ እኩልነት መጠበቁን የሚነግረን መለኪያ ፍሪኩዌንሲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያም ሆነ በአብዛኛው ዓለም መጠኑ 50 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ዑደት ነው።

ፍሪኩዌንሲ በመሠረቱ የጄኔሬተሮቹን የመሽከርከር ፍጥነት የሚያሳይ ነው። ለምሳሌ 24 ጥንድ ማግኔታዊ ዋልታዎች ያሉት ጄኔሬተር 50 ኸርዝ እንዲሰጥ በደቂቃ 125 ጊዜ መዞር ይኖርበታል። ከአንድ መረብ ጋር የተያያዙ ጄኔሬተሮች በሙሉ፣ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቢራራቁም፣ በመስመሮቹ አማካይነት ተሳስረው እኩል እርምጃ ይዘው ነው የሚሽከረከሩት። ድሬዳዋ ላይ አንድ ፋብሪካ ትልቅ ሞተር ሲያስነሳ ያ ተጨማሪ ጭነት ጉባ ያለውን ተርባይን፣ በጣም በጥቂቱም ቢሆን፣ ይጎትተዋል። የሚፈለገው ኃይል ከሚመነጨው ሲበልጥ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድነት ፍጥነታቸው ይቀንሳል፤ የሚመነጨው ሲበልጥ ደግሞ በአንድነት ይፈጥናሉ። ፍጥነቱ መቀነሱን ገቨርነር የሚባለው ተቆጣጣሪ ወዲያው አውቆ የውሃውን በር ከፈት ያደርጋል፤ ነገር ግን በረጅም ቱቦ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ክብደት ስላለው በቅጽበት አይፈጥንም፤ ለውጡ ተርባይኑ ላይ እስኪሰማ ሰከንዶች ያልፋሉ። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች መረቡን ደግፎ የሚያቆየው በሚሽከረከረው ግዙፍ ብረት ውስጥ ያለው ጉልበት ብቻ ነው።

በገጠር ታማሚ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርሱ ሰዎችን ያስቡ። እኩል እርምጃ ይዘው ሲሄዱ ሸክሙ ይቀላቸዋል፤ አንዱ ቢደናቀፍ የቀሩት ይችሉታል፤ ሁለት ሦስቱ በአንዴ ቢወድቁ ግን የቀሩት ጤነኞችና ብርቱዎች ሆነው ሳሉ ሸክሙ ከአቅማቸው በላይ ስለሚሆንባቸው ሁሉም ይለቁታል። መረቡም የሚወድቀው እንዲሁ ነው። አገር በሚጨልምበት ዕለት ከማመንጫዎቹ አብዛኞቹ አንዳች ብልሽት የለባቸውም።

ብልሽት የሌለበት ማመንጫ ለምን ይቆማል ለሚለው መልሱ ያለው በእኔ ሙያ ውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ጄኔሬተር፣ ትራንስፎርመርና መስመር ላይ ሪሌይ የሚባል ጠባቂ መሣሪያ አለ። ሪሌይ የኮረንቲውን መጠን፣ ቮልቴጁንና ፍሪኩዌንሲውን ያለማቋረጥ ይለካል፤ ከተፈቀደው ወሰን ሲያልፍ ለሰርኪት ብሬከሩ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ብሬከሩም የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ ሳይሞላ መስመሩን ይቆርጣል። ይህ ባይኖር ከመጠን በላይ የተጫነ መስመር ይግላል፣ ሲግል ብረቱ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ወደ መሬት ይረግባል፣ በመጨረሻም ከዛፍ ወይም ከቤት ጣሪያ ጋር ይገናኛል። ትልቅ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ደግሞ ተለዋጩ ከውጭ ታዝዞ፣ ተሠርቶና ተጓጉዞ እስኪተከል ከዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ራሱን ለማዳን ከመረቡ ይወጣል። የወጣው መሣሪያ ተሸክሞት የነበረው ጭነት በቀሩት ላይ ያርፋል፤ እነሱም በተራቸው ወሰናቸውን ያልፋሉ፤ እነሱም ይወጣሉ። አገሪቱ የምትጨልመው በዚህ ሰንሰለት ነው። ለጥቂት ሰዓታት መጨለም ከባድ ነገር ቢሆንም፣ ማሽኖቹ ተቃጥለው ለወራት ከመጨለም ጋር ሲወዳደር ግን ጥበቃው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ይህ ሰንሰለት ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ጎልቶ የታየበትን አጋጣሚ ባስረዳ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2003፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17 ቀን 1996 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት፣ ጣሊያን በሌሊት ከሚያስፈልጋት ኃይል ሩብ ያህሉን ከጎረቤቶቿ እየገዛች ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ላይ ስዊዘርላንድ ውስጥ በሉክማኒየር ተራራ የሚያልፈው የ380 ኪሎ ቮልት መስመር ረግቦ ዛፍ ነካና ተቆረጠ። የስዊዘርላንድ ተቆጣጣሪዎች መልሰው ሊያገናኙት ቢሞክሩም አልሆነም፤ በመስመሩ ሁለት ጫፎች መካከል የነበረው የእርምጃ ልዩነት ከመጠን በላይ ሰፍቶ ነበር። ጭነቱ ወደ ሌሎች መስመሮች ዞረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወደ ጣሊያን ስልክ ተደውሎ ግዢው በ300 ሜጋ ዋት እንዲቀነስ ተጠየቀ፤ ጣሊያኖቹም ቀነሱ፤ ያ ግን አልበቃም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ በሳን በርናርዲኖ በኩል የሚያልፈው ሁለተኛው መስመር ከመጠን በላይ ግሎና ረግቦ እሱም ዛፍ ነካ። ከዚያ በኋላ ለሰው ልጅ ውሳኔ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። በሰከንዶች ውስጥ ጣሊያንን ከፈረንሳይ፣ ከኦስትሪያና ከስሎቬኒያ የሚያገናኙት መስመሮች ተራ በተራ ተቆረጡና አገሪቱ በአንድ ጊዜ ከ6 ሺህ ሜጋ ዋት በላይ ጎደለባት። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ቆይቶ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተቀር መላዋ ጣሊያን ጨለመች፤ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ መብራት አደረ። መነሻው ሌላ አገር ውስጥ ያለ አንድ ዛፍ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መስመር መቆረጥ መካከል የነበሩት 24 ደቂቃዎች ናቸው። መረብ የሚመራበት ዋና ደንብ ከመሣሪያዎቹ መካከል ትልቁ አንዱ በድንገት ቢወጣ እንኳ የቀሩት ሳይናጉ መቀጠል አለባቸው የሚል ነው። አንዱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ተቆጣጣሪው ለሚቀጥለው አደጋ መረቡን በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ማሰናዳት ይጠበቅበታል፤ ይህም ከሌላ ማመንጫ ተጨማሪ ኃይል በማስነሳት፣ ሽያጭን ወይም ግዢን በመቀነስ፣ ወይም አንዳንድ ሰፈሮችን ሆን ብሎ በማቋረጥ ነው። ይህ ሊደረግ የሚችለው ግን በመጠባበቂያ የተያዘ ኃይልና አማራጭ መስመር ሲኖር ነው። አንድ አካባቢ በአንድ መስመር ብቻ የሚመገብ ከሆነ ያ መስመር ሲቆረጥ የአገሪቱ ግድቦች ሁሉ ሞልተው ቢፈሱ ለዚያ አካባቢ የሚፈይዱለት ነገር የለም።

ሆን ብሎ ማቋረጥ ስል አንባቢ ሊቆጣ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ የመጨረሻው መዳኛ መንገድ ነው። ፍሪኩዌንሲው በፍጥነት ሲወርድ ሰው ሳያዝዘው አንዳንድ መስመሮችን የሚያጠፉ ሪሌዮች በየጣቢያው ይተከላሉ። በአውሮፓ ይህ ቅነሳ 49 ኸርዝ ላይ ይጀምርና እየወረደ በሄደ ቁጥር ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። የእርስዎ ሰፈር በድንገት ጠፍቶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሰፈር እየበራ ካዩ፣ ምክንያቱ አድልዎ ሳይሆን ሁለቱ ሰፈሮች ከተለያየ መስመር የሚመገቡ መሆናቸውና የእርስዎ መስመር ሌላውን ለማዳን የተቆረጠ መሆኑ ሊሆን ይችላል። ይህ ሸክም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰፈሮች ላይ እንዳይወድቅ ተራውን ማዞር ግን የኃላፊዎች ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

መረብን የሚጥለው የኃይል ማነስ ብቻ አይደለም፤ መትረፍም ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2025 ስፔንና ፖርቱጋል ከደሴቶቻቸው በስተቀር እኩለ ቀን ካለፈ ብዙም ሳይቆይ በሙሉ የጨለሙት ቮልቴጁ ከወሰን በላይ ከፍ ብሎ ማመንጫዎች ተራ በተራ ራሳቸውን ስላወጡ ነው። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ማመንጫዎቹ ሩቅ ናቸው፤ ከሕዳሴ ግድብ በደዴሳ አድርጎ ሆለታ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንዲህ ያለ ረጅም መስመር ሌሊት፣ ምጣዱም ፋብሪካውም አርፎ ጭነቱ ሲቀንስ፣ በራሱ ጠባይ የተነሳ ጫፉ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከመነሻው በልጦ ይገኛል። ይህን ለማርገብ ሪአክተር የሚባሉ ትልልቅ መሣሪያዎች በየጣቢያው ይገጠማሉ፤ እነሱ ከተበላሹ ወይም ካነሱ ተቆጣጣሪዎቹ መስመር እስከማጥፋት ሊደርሱ ይችላሉ። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ወደ ኬንያ የሚዘልቀው፣ በጠቅላላው ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው መስመር በቀጥታ ኮረንቲ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኮረንቲ የሚሠራ በመሆኑ የሁለቱን አገሮች ፍሪኩዌንሲ አያገናኝም፤ ይህም መልካም ነው፤ ሆኖም በድንገት ቢቆረጥ ይሄድበት የነበረው ኃይል መድረሻ አጥቶ በእኛ መረብ ላይ ስለሚቀር ማሽኖቻችን ይፈጥናሉ፤ እሱም በሰከንዶች ውስጥ መልስ የሚሻ ነገር ነው።

እዚህ ላይ «መስመሮቹ ይህን ያህል ችግር ካመጡ ቮልቴጁን ዝቅ ማድረግ አይሻልም ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። አይቻልም። ከሕዳሴ ግድብ አንዱ ተርባይን የሚሰጠው 400 ሜጋ ዋት በ500 ኪሎ ቮልት ሲላክ በእያንዳንዱ ሽቦ 460 አምፔር ገደማ ይፈስሳል። ያንኑ ኃይል በየሰፈሩ በምናያቸው የ15 ኪሎ ቮልት መስመሮች እንላክ ብንል ከ15 ሺህ አምፔር በላይ ያስፈልገናል፤ በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ደግሞ የሚያድገው በኮረንቲው ስኩዌር (ኮረንቲው በራሱ ሲባዛ በሚሰጠው መጠን) ስለሆነ ብክነቱ በተመሳሳይ ሽቦ ከ1 ሺህ ጊዜ በላይ ይበዛል። ኃይሉ አዲስ አበባ ሳይደርስ ሽቦው ይቀልጣል።

የተረፈውን ኃይል ስለማስቀመጥ ለተጠየቀው፦ የምናስቀምጠው ኃይሉን ሳይሆን ውሃውን ነው። ግድብ ማለት ራሱ የኃይል ጎተራ ነው፤ የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ መያዝ የሚችል ሲሆን በክረምት የሞላው በበጋ ይሠራል። ባትሪም አለ፤ በዓለም ላይ ዋጋው እየረከሰ መጥቷል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶችና ደቂቃዎች ለመደገፍ ከውሃ በር በጣም ይፈጥናል። ነገር ግን ውሃው ተጠራቅሞ መቀመጡ ብቻ መረብን አያድንም። ሰንሰለቱ በሰከንዶች ሲጀምር የሚያስፈልገው ውሃ ያለው ግድብ ብቻ ሳይሆን እየተሽከረከረ አቅሙን ያልጨረሰ ተርባይንና ያንን ኃይል የሚያሳልፍ ነፃ መስመር ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 13 ተርባይኖችና 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ተርባይኖቹ ሁሉ በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ የሚሰጡት ከፍተኛ መጠን ነው። ግድቡ በዓመት እንዲያመነጭ የታሰበው 15 ሺህ 700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ለዓመቱ ሰዓታት ሲካፈል አማካዩ 1 ሺህ 800 ሜጋ ዋት አካባቢ ይሆናል። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም፤ የዓባይ ውሃ በዓመቱ ውስጥ ያለው መጠን የሚፈቅደው ነው። ከፍተኛው አቅም የተገነባው ኃይል በሚፈለግበት ሰዓት ከፍ፣ በማይፈለግበት ሰዓት ዝቅ እያለ ፍላጎትን ተከትሎ እንዲሠራ ነው፤ ለመረቡ ደኅንነትም ትልቅ ሀብት ነው። ስህተቱ የሚመጣው ግድቡ ስላለ መብራት አይጠፋም ብለን ስንደመድም ነው። በግድቡና በእርስዎ ቆጣሪ መካከል የማስተላለፊያ መስመር፣ የማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሥርጭት መስመር፣ የሰፈር ትራንስፎርመርና የእንጨት ምሰሶ አለ። ቤት ውስጥ ከምናያቸው መቋረጦች አብዛኞቹ የሚፈጠሩት በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ከአሁን በኋላ የሚወጣው ገንዘብና ትኩረት ከሁሉ በፊት ወደነዚህ መሄድ አለበት። ጣቢያ ማስፋትና የበሰበሰ ምሰሶ መቀየር ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም፤ ግን የእርስዎን ቤት የሚያበራው እሱ ነው።

የበዓል ዋዜማውን ጉዳይ ከዚሁ ጋር ላያይዘው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ይህም ከ300 በላይ የኤልኢዲ አምፖሎች የሚወስዱት ነው። ሰፈርዎን የሚመግበው ትራንስፎርመር 200 ኪቪኤ ነው እንበል፤ ይህ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ሲሆን ለምጣድ ከኪሎ ዋት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስዱ 57 ምጣዶች በአንድ ሰዓት ቢጣዱ ሌላ አንድም አምፖል ሳይበራ አቅሙ አለቀ። በአዘቦት ቀን አንዱ ቤት ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት፣ ሌላው በሳምንት አንዴ ስለሚጋግር መቶ ቤት ያለ ችግር ይጠቀምበታል። በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ግን ሁሉም ቤት እንጀራውን፣ ድፎውን፣ ወጡን በአንድ ምሽት ይሠራል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የቮልቴጅ መውረድ ነው። ቤትዎ የሚደርሰው 220 ቮልት ወደ 170 ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፤ ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋም አንዱን እንጀራ ለማውጣት እጥፍ ጊዜ ትጠብቃለች። ሁሉም ቤት እንዲህ ሲጠብቅ ምጣዶቹ የሚበሩበት ሰዓት ይረዝማል፤ ይበልጥ ይደራረባሉም። በመጨረሻ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ሠራተኞች መጥተው ፊውዙን ይቀይራሉ፤ ጭነቱ ግን እንዳለ ስለሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይሄዳል። ጠያቂው «እየሄደ እየመጣ» ያሉት ይህን ይመስላል። መፍትሔው ትራንስፎርመሩን በትልቅ መለወጥ ወይም ጭነቱን ለሁለት መክፈል ነው፤ ነዋሪዎች በጋራ የቤቶቻቸውንና የምጣዶቻቸውን ብዛት ጽፈው ማመልከቻ ቢያስገቡ «መብራት ይጠፋብናል» ከሚል ጥቅል አቤቱታ ይልቅ ለመሐንዲሱ ይጠቅመዋል። እስከዚያው ዋዜማውን ሳይጠብቁ አንድ ቀን ቀድሞ መጋገር፣ ወይም ጎረቤት ከጎረቤት ተነጋግሮ ሰዓት መከፋፈል በእርግጥ ለውጥ ያመጣል።

አሁን ወደ መልሶ ማብራቱ ልምጣ። አንድ መረብ ሙሉ በሙሉ ከሞተ ዋናው ችግር ማመንጫ ጣቢያም ራሱ ለመነሳት ኤሌክትሪክ የሚፈልግ መሆኑ ነው፤ ለዘይት ፓምፑ፣ ለመቆጣጠሪያው፣ ጄኔሬተሩን ማግኔት ለማድረግ። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ዕድለኛ ናት፤ የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ በትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተርና በባትሪ ሊነሳ ይችላል፤ በከሰል የሚሠራ ጣቢያ ግን ብዙ ኃይልና ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ተርባይን ከተነሳ በኋላ መስመሩ ላይ ኃይል የሚለቀቀው ክፍል በክፍል ነው። ባዶ ረጅም መስመር ቮልቴጅ ከፍ እንደሚያደርግ ከላይ አይተናል፤ ስለዚህ መስመር በተከፈተ ቁጥር የተወሰነ ሰፈር ወዲያው መጨመር አለበት። በአንዴ ብዙ ከተጨመረ ደግሞ ብቻውን ያለው ተርባይን ይንገዳገድና ሁሉም ነገር እንደገና ይወድቃል። በተለያየ አቅጣጫ የተነሱ ማመንጫዎች ሲገናኙም ፍጥነታቸውና እርምጃቸው በትክክል እስኪገጥም ይጠበቃል፤ ሳይገጥም ብሬከር ቢዘጋ የጄኔሬተሩ ዘንግ ሊጣመም ይችላል። በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች በእያንዳንዱ እርምጃ ስልክና ሬዲዮ ይዘው፣ ጣቢያ በጣቢያ እያረጋገጡ ነው የሚሄዱት። ከፈረንሳይና ከሞሮኮ እርዳታ ያገኘችው ስፔን እንኳ መረቧን ሙሉ በሙሉ የመለሰችው በማግስቱ ንጋት ላይ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ማን ቀድሞ ይብራ የሚለው ጥያቄ ኑሯችን ምን ያህል በኤሌክትሪክ ላይ እንደተንጠለጠለ ያሳያል። የአዲስ አበባ ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጉድጓዶች በኤሌክትሪክ ፓምፕ ተስቦ የሚመጣ ስለሆነ መብራት ጠፍቶ በቆየ ቁጥር ቧንቧውም ይደርቃል። የስልክ ማማዎች የተወሰነ ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ አላቸው፤ ያ ሲያልቅ ጥሪው ብቻ ሳይሆን በስልክ የምንከፍለውና የምንቀበለው ገንዘብም ይቆማል። ቀላል ባቡሩ ይቆማል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ቻርጅ ማድረጊያ ያጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሆስፒታል አለ፤ የኦክስጅን ማሽን፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ የክትባት ማቀዝቀዣ። በየሆስፒታሉ ያለው መጠባበቂያ ጄኔሬተር ተነስቶ ድምፅ ማሰማቱ አይበቃም፤ በየወሩ ሙሉውን ጭነት ተሸክሞ መሞከር አለበት። ሳይሞከር ቆይቶ በሚፈለግበት ሌሊት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ የሚቆም ጄኔሬተር ከሌለ አይሻልም።

ሌላም የምመኘው ነገር አለ። ከጣሊያኑም ከስፔኑም አደጋ በኋላ የተፈጠረው ሁሉ በየሰከንዱ ተዘርዝሮ ለሕዝብ በይፋ ታትሟል፤ እዚህ የጠቀስኳቸው ሰዓቶችና ቁጥሮች ሊታወቁ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም አገር እንዲህ ያለ ዝርዝር ዘገባ የሚወጣበት ልማድ ቢጠነክር የምህንድስና ተማሪዎቻችን ከራሳቸው መረብ ይማሩ ነበር፤ ተጠቃሚውም መላ ምት ከመስማት ይድን ነበር።

በቤት ደረጃ ሊደረጉ የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን ልጨምር። መብራት ሲሄድ ምጣዱን፣ ምድጃውንና የውሃ ማሞቂያውን ያጥፉ፣ ማቀዝቀዣውን ይንቀሉ፤ መምጣቱን የሚነግርዎ አንድ አምፖል ብቻ ይተዉ። ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ሲመለስ የሁሉም ቤት ማቀዝቀዣና ምጣድ በአንድ ጊዜ ስለሚነሳ ጭነቱ ከመጥፋቱ በፊት ከነበረው በልጦ ይገኛል፤ የመጣው መብራት ወዲያው ተመልሶ የሚሄድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከመጣ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው አንድ በአንድ ያብሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በሰፈርዎ የአንዱ ቤት መብራት ሲደበዝዝ የሌላው ከልክ በላይ ደምቆ አምፖሎች መቃጠል ከጀመሩ የኒውትራል ሽቦው፣ ማለትም የቤቶቹ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ ሳይቆረጥ አልቀረም። በዚህ ጊዜ 220 ቮልት መድረስ የሚገባው ቤት እስከ 380 የሚጠጋ ሊደርሰው ይችላል፤ ስታብላይዘርም ላያድን ይችላል። ጊዜ ሳይሰጡ ዋናውን ማጥፊያ አውርደው፣ ጎረቤትንም አስጠንቅቀው፣ ለአገልግሎቱ ያሳውቁ።

ጄኔሬተር ያላችሁ ሰዎች ደግሞ የጄኔሬተሩን ገመድ በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር አታስገቡ። ከቆጣሪው መስመር ሳይለያይ የተነሳ ጄኔሬተር ኃይሉን ወደ ውጭ ይልካል፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተገላቢጦሽ ሠርቶ 220 ቮልቱን ወደ 15 ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚሠራው ሰው ይገደላል። መለያያ የሆነው ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ ዋጋው ከጄኔሬተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሽያን ሳያስገጥሙት ጄኔሬተሩን ከቤቱ መስመር ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።